ኤረሩ የእናንተ አይደለም

ጎበዝ፣ ሰሞኑን ኤርፖርት ወረፋ ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ ኮድ የሚማር ሾፌር በዝቷል። ደስ ይላል። የሚያናድደኝ በሁለተኛው ሳምንት «ይሄ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ የሚዘጋው መብዛቱ ነው። አንዱን ወንድማችንን ምን ገጠመህ ብዬ ጠየቅኩት። ዩቲዩብ ላይ ያየውን ቃል በቃል ቢጽፍም ኤረር አለው። ቪዲዮው የ2011 ነው፤ የሚያስተምረው ፓይተን 2ን፣ የእሱ ላፕቶፕ ላይ ያለው ደግሞ ፓይተን 3። በድሮው «ፕሪንት» ብለህ የፈለግከውን ትጽፋለህ፤ በአዲሱ ቅንፍ ውስጥ ካላስገባኸው አይሠራም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በቅንፍ ነው እንግዲህ!

ቅንፉስ ደህና፣ ቢያንስ ይጮህልሃል። ክፉው ዝም የሚለው ነው። 7ን ለ2 አካፍል ስትለው ድሮው 3 ይልሃል፣ አዲሱ 3.5። ኤረር የለም። የዕቁብ ሒሳብ በዚህ የሠራ ሰው ግማሿ የት እንደገባች ሲፈልግ ያድራል።

«ታዲያ ለምን ነካኩት?» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ ከነካኩት ጋር ነኝ። ፓይተን 2 «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ስትለው 9 ይል ነበር። የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፤ እሱ ደግሞ ለይተህ ካልነገርከው የሚቆጥረው ባይት ነው። የመጀመሪያውን ፊደል ስጠኝ ካልከው የ«ሰ»ን ሲሶ ቆርጦ ይሰጥሃል። ፓይተን 3 በቀጥታ 3 ይላል። ለፈረንጁ ጣጣ የነበረው ለውጥ ለእኛ ፊደል መከበር ነው።

የማልስማማው በአሻጋገሩ ነው። ፓይተን 3 በዲሴምበር 2008 ሲወጣ የተመከረው ኮዱን በመቀየሪያ ፕሮግራም አሳልፎ መሻገር ነበር። ግማሹ ተጠቃሚው ድሮው ላይ፣ ግማሹ አዲሱ ላይ የሆነበት ሰው በአንዴ እንዴት ይሻገራል? ሰውን ያሻገረው በሁለቱም የሚሠራ አንድ ኮድ መጻፍ ነው። ለዚህ «ሲክስ» የሚባል ላይብረሪ ተሠራ፤ 2 ሲባዛ በ3፣ ስሙ ከዚያ ነው። በ2012 ፓይተን 3.3 ራሱ፣ ከጽሑፍ ፊት የምትቀመጠውንና ያስወጣትን የ«ዩ» ምልክት መልሶ ተቀበለ፣ የድሮው ኮድ እንዲያልፍ ብሎ። የፓይተን 2 ማብቂያም ከ2015 ወደ 2020 ተገፋ። ድልድዩ ከመጀመሪያው ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመት ባልፈጀ ነበር ባይ ነኝ።

ዛሬ ለጀማሪ ሁለቱን መጻፍ አያስፈልግም፣ ፓይተን 2 አብቅቶለታል። ግን 3ም በውስጡ ይለያያል፤ «ማች» የሚባለው ትእዛዝ የመጣው በ3.10 ነው። ለእድሩ የምትሠሩትን የጸሐፊዋ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ባለው ልክ ጻፉት፤ የእናንተ አዲስ ስለሆነ የእሷም አዲስ አይሆንም። ቪዲዮ ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ዓመቱን እዩ።

ኤረር የያዛችሁ፣ ቨርዥናችሁን ጨምራችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ። ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ።