ሰፈሩን ሌባ ያለው ማን ነው?

ከስድስት ኪሎ ግቢ ወጥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ ወይም ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለሚያቀና አዲስ ተማሪ ሁሉ፣ ሳይጠይቅ የሚሰጠው ምክር አለ። «በውስጥ ለውስጥ አትሂድ፤ ማጅራት መቺ አለ፤ ስልክህንም ከኪስህ አታውጣ» ይሉታል። መካሪውን ግን «ባለፈው ወር ስንት ሰው ተዘረፈ? በስንት ሰዓት? በየትኛው መታጠፊያ?» ብንለው መልሱ «እንዲህ ይባላል» ነው። እኛም ዛሬ የተነሣነው ስለዚህች «ይባላል» ስለምትባል ቃል ልንናገር ነው፤ በእርስዋ ምክንያት የሰው ልጅ ይደበደባልና።

ወንጀል የለም ማለታችን አይደለም። አለ። ስልክ ይነጠቃል፤ ኪስ ይወልቃል። ከቤተ መጻሕፍት አምሽታ የምትመለስ እህታችን ለቦርሳዋ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ለሚከፋውም ትሰጋለች። (የወንዱ ፍርሃት ስልኩ ላይ ያበቃል፤ የእርስዋ ግን እዚያ አያበቃም። ይህን ያልተረዳ ወንድም «ምን ያስፈራሻል» እያለ ባይቀልድባት ደግ ነበር።) ነገር ግን ወንጀል መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ምን ያህል፣ የትና መቼ እንደሚፈጸም ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው።

የወንጀል መጠን የሚባለው ቁጥር የሚገኘው ለፖሊስ የተመለከተው ወንጀል በነዋሪው ብዛት ተካፍሎ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለ100,000 ሰው ተሰልቶ ነው። እንግዲህ ተካፋዩን እንመልከት። የሚቆጠረው የደረሰው ወንጀል ሳይሆን የተመለከተው ብቻ ነው። ተማሪው ስልኩ ሲነጠቅ «ላይገኝ ምን አደከመኝ» ብሎ ወደ መኝታው ይሄዳል። ተማሪዋም «በዚያ ሰዓት ምን ትሠሪ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ሽሽት ዝም ትላለች። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም አልተነኩም። አካፋዩም ቢሆን ጉድለት አለበት። በየቀኑ ሰፈራችንን የሚሞላው ተማሪ፣ ሐኪም ቤት የመጣው በሽተኛና አስታማሚ፣ የሀገር ልብስ ሊገዛ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ሸማች፣ ይህ ሁሉ ሰው ሊሰረቅ ይችላል፤ ነዋሪ ተብሎ ግን አይመዘገብም። መርካቶን የሚያህል ገበያማ በዚህ ስሌት ከእውነቱ የከፋ መስሎ ቢታይ ምን ያስደንቃል? አንዱ ጉድለት ሰፈሩን ያሳምራል፤ ሌላው ያከፋዋል። የትኛው እንደሚበልጥ ሳይታወቅ «ይህ ሰፈር የሌባ ነው» ብሎ መፍረድ ግምት እንጂ እውቀት አይባልም።

ለዚህ መላ የፈለጉ አገሮች አሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ፣ የፖሊስን መዝገብ ሳይጠብቁ ሰዉን ራሱን «ምን ደረሰብህ? አመልክተሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። በአሜሪካ በተደጋጋሚ የተገኘው ውጤት፣ ከደረሰው ስርቆት አብዛኛው ለፖሊስ ሳይነገር መቅረቱን ነው። እኛ ዘንድ የሶሲዮሎጂ ተማሪ አለ፤ የስታቲስቲክስ አለ፤ የሕግም አለ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን የሚሉ ጓደኞቻችን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ርእሱ ከግቢው አጥር ማዶ ተቀምጧል። መምህራኖቻችን ይህን ቢመሩ ዋጋ አለው እንላለን።

እውቀት በሌለበት ቦታ ጥርጣሬ ይገባል። አያቶቻችን ሌባ ሻይ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ይህ ልማድ በራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽነት ዘመን ተከለከለ። ዛሬ ግን አንዱ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ሲጮህ የተማረው ሁሉ እየተሯሯጠ በጡጫና በእርግጫ የሚወርደው በማን ላይ ነው? ባጠፋው ላይ? ወይስ ልብሱ በተቀደደው፣ የሊስትሮ ሣጥን ባንጠለጠለው፣ በሩጫ በተሸነፈው ልጅ ላይ? መድኃኒት ጠጭው ልጅ ቢያንስ ሰክሮ ነበር። የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል። ለፈተና የምንሸመድደው ይህ አንቀጽ ለሊስትሮውም የተጻፈ ነው።

«እንግዲያው ወጣቱ ዱላ ይዞ ሰፈሩን ይጠብቅ» የሚሉም አልጠፉም። በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የተቋቋሙት ቀበሌዎች ጥቂት ቆይተው የታጠቁ ጠባቂዎች ነበሯቸው፤ በ1969 እና በ1970 እናቶች በሌሊት ሲንኳኳ የፈሩት ሌባን እንዳልነበረ ለዚህ ግቢ ሰው መንገር አያስፈልግም። ዘብ ከተፈለገ ስሙ የታወቀ፣ በሕግ የሚጠየቅ ዘብ ይሁን።

ሌላም ጥያቄ አለን። የተነጠቀው ስልክ ወዴት ይሄዳል? ነጣቂው አይበላው። ደረሰኝ የሌለው ያገለገለ ስልክ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብ «ከየት መጣ?» ሳይል የሚገዛ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ነጣቂው ሌላ ሥራ በፈለገ ነበር። ከገዢዎቹ መካከል ተማሪ የለም ብሎ የሚምል ይቅረብ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛውን ሰው በወንጀል ይጠይቀዋል፤ እኛም ሌባውን በረገምንበት አፍ ገዢውን «ጎበዝ ነጋዴ» ማለት ይብቃ እንላለን።

ስለዚህ የተነጠቀ ሁሉ ያመልክት፤ ዕቃው ባይገኝም ቁጥሩ ይገኛል። በስልካችሁ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብትነኩ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ መለያ ዛሬውኑ ደብተር ላይ ጻፉት፤ ያለ እርሱ «ስልኩ የእኔ ነው» ማለት አስቸጋሪ ነው። ብቻዋን ለመሄድ የከበዳትን እህት ጣቢያ ድረስ አብሮ መሸኘት የተማሪዎች ማኅበር ሥራ ይሁን። ጣቢያውም በየወሩ የተመለከተለትን ወንጀል፣ ከነቦታውና ከነሰዓቱ፣ የተበዳዩን ስም ሳይጠቅስ በግቢው በር ላይ እንዲለጥፍ እንጠይቃለን። ከ2016 ወዲህ በከተማዋ ዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ በኮሪደር ልማት ብዙ መብራት ተተክሏል፤ መልካም ነው። ተማሪ የሚከራየው ግን በጎዳናው ላይ ሳይሆን ከጎዳናው ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ነው። እዚያ በየአጥሩ በር አንድ አምፑል ቢሰቀል የሚቆጥረውን ሂሳብ ማን ይክፈል? አከራዩ፣ ተከራዩ፣ እድሩ ወይስ ወረዳው? የማኅበሩ ተጠሪዎች ከሰፈሩ እድር ዳኞች ጋር ተቀምጠው በመጀመሪያ ሊነጋገሩበት የሚገባው ይህ ነው። ለመነጋገር ደግሞ እንደ ጎረቤት ሄዶ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ይቀድማል።