አበባም ዘሩን ይቆጥራል

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጋብቻ ነው፤ መነሻዬ ግን ኑግ ነው።

በጥቅምት ወር በጎጃም፣ በሸዋ ወይም በወለጋ ያለፈ ሰው ቢጫ የለበሰውን የኑግ ማሳ ያውቀዋል። በኑግ አበባ መሃል ያሉት ደቃቅ አበቦች ወንዴውንም ሴቴውንም አካል አብረው ይዘዋል። ስለዚህ ለብቻው ዘር መስጠት የሚችል ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ የገዛ ብናኙ በሴቴው ጫፍ ላይ ቢወድቅ አበባው አይቀበለውም። ደህና ፍሬ የሚይዘው ንብ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ ስታመጣለት ነው። ጤፍና ስንዴ እንዲህ አይደሉም፤ ከራሳቸው ብናኝ ያፈራሉ።

አበባ የራሱን በምን ያውቃል? በጥቅል ጎመን ላይ በደንብ ተጠንቷል። ብናኙ እንደ መታወቂያ የሚያገለግል ፕሮቲን ለብሷል፤ የሴቴው ጫፍ ደግሞ ያንን የሚለይ ፕሮቲን አለው። ሁለቱ ከገጠሙ አበባው ብናኙን ውሃ ይነፍገዋል፤ ደርቆ ይቀራል። አፕል ሌላ መንገድ አለው። ብናኙ በቅሎ ወደ ውስጥ መውረድ ይጀምርና እመንገድ ላይ ይታገዳል። ስለዚህ ጓሮአችሁ ያለች አንዲት አፕል በየዓመቱ እያበበች ፍሬ ብትነሳችሁ፣ የሰው ዓይን ነው አትበሉ። በአቅራቢያዋ በአንድ ወቅት የሚያብብ ሌላ ዓይነት አፕል ትከሉላት። ያንኑ ዓይነት ደጋግሞ መትከል አይረዳም፤ ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ የተባዛ ስለሆነ ሁሉም እንደ አንድ ተክል ነው።

እኔ በነርስነቴ የለመድኩት ተቃራኒውን ነው። ደም ከመሰጠቱ በፊት ዓይነቱ የሚመረመረው ሰውነት ባዕዱን ስለሚዋጋ ነው። አበባ ግን ባዕዱን ተቀብሎ የራሱን ይገፋል። ለምን?

ሁላችንም ከእናትና ከአባት ጥንድ ጥንድ ዘረመል እንወርሳለን። በአንዱ ወገን የመጣው ቢበላሽ፣ ብዙ ጊዜ የሌላው ደህናው ይሸፍነዋልና ጤነኞች ሆነን እንኖራለን። ችግሩ የሚመጣው ሁለት የተበላሹ ሲገናኙ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከገዛ ብናኛቸው የተገኙ ተክሎች ብዙውን ጊዜ አጠር ያሉና ደካማ መሆናቸውን ከዓመታት ሙከራ በኋላ አሳይቷል።

በሰውም ሒሳቡ ያው ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች በአማካይ ከ8 አንድ እጅ ዘረመል ይጋራሉ። የእነሱ ልጆች ከ32 አንድ፣ ቀጥሎ ያሉት ከ128 አንድ እጅ። አባቶቻችን ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ሰባት ቤት ቁጠሩ ያሉት ነገር እንግዲህ ከንቱ አልነበረም።

በአንዳንድ የአገራችን ማኅበረሰቦች የአጎት ልጅ ማግባት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። ከእንዲህ ዓይነት ጋብቻ የሚወለዱት አብዛኞቹ ልጆች ጤነኞች ናቸው፤ ማንንም ማሸማቀቅ አይገባም። ነገር ግን ስጋቱ ከሌላው ከፍ ይላል። በቤተሰቡ ውስጥ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ካለ፣ ከጋብቻ በፊት ሐኪም ማማከር ብልህነት ነው።

አበባ ዘሩን የሚለይበት ፕሮቲን አለው። የእኛ ልጆች ያላቸው የእናንተ አንደበት ብቻ ነው። መታወቂያቸው የአባትና የአያት ስም እንጂ የእናት ወገን አይጽፍም። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ ሌላው ዋሽንግተን አድጎ፣ ዘመዳሞች ሳይተዋወቁ ሊፈላለጉ ይችላሉ። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ዝምድና ሲገኝ የሚፈሰውን እንባ ለመከላከል መድኃኒቱ አንድ ደብተር ነው።

በዚህ ሳምንት የልጅ ልጆቻችሁን አስቀምጡና አስጽፏቸው። በአባትም በእናትም ወገን የምታውቁትን ስም ሁሉ፣ የትውልድ ቦታውን፣ የምታስታውሱትንም ሕመም። ሰባት ባይሞላ አራትም ይበቃል። የጎደለውን በዕድሜ የሚበልጧችሁን ጠይቃችሁ ሙሉ፤ ለነገ አትበሉ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።