«አቶ ቲብስ»

ልጆች የወንጀል ፊልም ለማየት በተቀመጡ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው «ወንጀለኛው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ፊልሙ መልሱን ገና ሳይሰጥ እነርሱ ከሰዎቹ መልክና አለባበስ ይገምታሉ። ይህን ግምት ያስተማራቸው ከዚያ በፊት ያዩት ፊልም ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ታሪክ ለየትኛው ወገን ሰው ምን ዐይነት ሥራ እንደ ተሰጠ መመልከት ለወላጆች ትንሽ ነገር አይደለም።

ለዚህ አንድ የቆየ ፊልም እናንሣ። በእንግሊዝኛ «ኢን ዘ ሂት ኦቭ ዘ ናይት» ይባላል፤ «በሌሊቱ ሐሩር» እንደ ማለት ነው። ኖርማን ጁዊሰን አዘጋጅቶት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ወጣ። በሚሲሲፒ ግዛት በምትገኝ በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ባለጸጋ ተገድሎ ይገኛል። በዚያው ሌሊት አንድ ጥቁር እንግዳ በጣቢያ ተቀምጦ ባቡር ይጠብቃል። ፖሊሱም ምንም ሳይጠይቅ ይይዘዋል፤ በቦርሳው ገንዘብ መገኘቱም እንደ ማስረጃ ይቈጠርበታል። ሰውዬው ግን ቨርጂል ቲብስ የተባለ የፊላዴልፊያ ፖሊስ መርማሪ ነው። በሳምንት 162 ዶላር ከ39 ሳንቲም እንደሚከፈለው ሲሰማ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ጊለስፒ ይገረማል።

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በዚያ ዘመን ጥቁር ሽማግሌ እንኳ «ልጅ» ተብሎ ይጠራ ነበር። አዛዡ በእንግዳው ስም እየተሳለቀ በአገሩ ምን ብለው እንደሚጠሩት ሲጠይቀው፥ ቲብስ «ሚስተር» ተብሎ እንደሚጠራ ይመልስለታል። እንግሊዝኛ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ስለማይለይ ክብሩ ሁሉ በዚያች በአንዲት ቃል ላይ ወድቋል። ለእኛ አንባብያን ይህን ማስረዳት አያሻም፤ አባቱ በሰው ፊት «አንተ» ሲባል የሰማ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ጥፊው ብዙ ተብሏል። ኤንዲኮት የተባለው ባለ ጥጥ እርሻ መጠየቁ አስቈጥቶት ቲብስን በጥፊ ይመታዋል፤ ቲብስም ወዲያው መልሶ ይመታዋል። ሌላውን ጉንጭ ስለ ማዞር የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቅር ሊለው ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ከጥፊው ይበልጣል። ቲብስ በቍጣ ተነሣሥቶ ያን ባለ ርስት ከከፍታው አወርደዋለሁ እያለ ይፎክራል። ማስረጃ ግን የለውም፤ ባለ እርሻውም ገዳዩ አይደለም። ጊለስፒ ይህን አይቶ «ለካ አንተም እንደ እኛው ነህ» በሚል መንፈስ ይናገረዋል። በጣቢያው የደረሰበትን በደል እርሱም በሌላው ላይ ሊፈጽም ተቃርቦ ነበርና! አንድን ወገን በፊልም ማክበር እንከን የሌለው መልአክ አድርጎ ማቅረብ ይመስላቸዋል፥ አንዳንዶች። ሰው መሆኑ የሚታወቀው ግን መሳሳትም ሲፈቀድለት ነው።

ፊልሙ ጕድለት የለውም አንልም። የከተማይቱ ጥቁር ነዋሪዎች የሚታዩት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቲብስንም ቤትና ቤተሰብ አናይም። የፊልም አንሺው የሃስኬል ዌክስለር ሥራ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። የቀለም ፊልም መብራት በዚያን ጊዜ የሚስተካከለው ለነጭ ፊት ነበረና፥ እርሱ የቲብስ ገጽ በሚገባ እንዲታይ ብርሃኑን ለጥቁር ቆዳ አመቻቸ። ፊቱ በጨለማ የተዋጠ ሰው በፊልሙ ውስጥ አለ ለማለት ያስቸግራል።

ቲብስን ሆኖ የተጫወተው ሲድኒ ፖይቲየር ነው። በ1964 ከሐሪ ቤላፎንቴ ጋር ለመብት ታጋዮች ገንዘብ ሊያደርስ ወደ ሚሲሲፒ በሄደ ጊዜ የኩ ክላክስ ክላን ሰዎች አሳደውት ስለ ነበር፥ ወደ ደቡብ ሄዶ መሥራትን አልወደደም። ስለዚህ ፊልሙ በአብዛኛው የተነሣው በሰሜን በኩል በኢሊኖይ ግዛት ነው።

የኦስካር ሽልማት በዓል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1968 ሊደረግ ተወስኖ ነበር። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በኤፕሪል 4 ስለ ተገደሉ ወደ 10 ተዛወረ። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ በጠቅላላው አምስት ሽልማት አገኘ። የምርጥ ተዋናይነቱ ሽልማት የተሰጠው የፖሊሱን አዛዥ ለተጫወተው ለሮድ ስታይገር ነው፤ ፖይቲየር በዕጩዎቹ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረም።