ትምህርት ቤት የገባው ቤቱ ሁሉ ነው



በቴክሳስ፣ ዳላስ ከተማ፣ እሁድ እሁድ ቁርኣን ከማስቀራቸው ልጆች መካከል አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለች። ዐማን ጨርሳ ተባረክን የያዘች ጎበዝ ልጅ ናት። አንድ ሰሞን ግን ሙስሐፉን እንደገለጠች ታንቀላፋ ጀመር። ሁለት እሁድ እንዳላየ አለፍኩ። በሦስተኛው ለብቻዋ ጠርቼ ብጠይቃት፣ «ሌሊት ሕፃኑ ይነቃል፤ እማዬም አባዬም ሥራ ናቸው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ሆና ሌሊት ትሠራለች፤ ጠዋት ደግሞ ወደ ነርስ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አባትየው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ መንገደኛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያመላልሳል። ከዘጠኝ ሰዓት አንስቶ እናትየው ከሥራ እስክትመለስ ድረስ የቤቱ እናት ይህች ልጅ ነበረች ማለት ነው። ወላጆቿን አንድ ላይ ጋበዝኳቸው። እናትየው ገና ከመቀመጧ እንባዋ መጣ። «ኡስታዝ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ፤ ለማን ብዬ ነው የምለፋው?» አለች። በዚያው ወር የመድኃኒት ስሌት ፈተና ወደቀችና ከትምህርቱ ወጣች። ዕዳው ግን ቀረ።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዓምድ ባላነሳሁት ነበር። በዲቪ፣ በቤተሰብ ጥሪ ወይም በስደት አሜሪካ የገቡ ብዙ እህቶቻችን የሚይዙት መንገድ ይኸው ነው። መጀመሪያ የነርስ ረዳትነት ይማራሉ፤ ቴክሳስ ውስጥ ይህ ሥልጠና የ100 ሰዓት ነው። ከዚያ ወደ ቮኬሽናል ነርስነት ያልፋሉ። በቴክሳስና በካሊፎርኒያ «ቮኬሽናል ነርስ» የሚባለው በሌሎቹ ስቴቶች «ፕራክቲካል ነርስ» ይባላል።

ሙያው ክቡር ነው። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ.) ቁስለኞችን ታክም ነበር። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በእርሷ ድንኳን እንደተረዱ ተዘግቧል። ኡሙ ዐጢያም (ረ.ዐ.) በሰባት ዘመቻዎች እየተከተለች ምግብ ታበስልና ቁስለኛ ታስታምም እንደነበር ኢማሙ ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ እህታችን ይህን ሙያ መማሯን የምንጠይቅበት ምክንያት የለም። መጠየቅ ያለብን፣ ከመመዝገቧ በፊት ቤተሰቡ ተቀምጦ ሒሳቡን ሠርቷል ወይ የሚለውን ነው።

የሰዓት ሒሳብ

የቴክሳስ የነርሶች ቦርድ ደንብ ለቮኬሽናል ነርስነት ቢያንስ 1,398 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ 558ቱ የክፍል ትምህርት፣ 840ው የተግባር ልምምድ ነው። ይህን በ48 ሳምንት ብናካፍለው በሳምንት ወደ 29 ሰዓት ይደርሳል። ከእነዚያ ወላጆች ጋር ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ትምህርት 29፣ ሥራ 40፣ ጥናት 15፣ በቀን ሰባት ሰዓት እንቅልፍ 49፣ መንገድ 7 ብለን ስንደምር 140 ሆነ። የቀረው 28 ሰዓት፣ ማለትም በቀን አራት ሰዓት ነው። ሶላት፣ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ሕፃን ማጥባት፣ ልጆችን ማነጋገር፣ ከባል ጋር መወያየት፣ ዘመድ መጠየቅ ሁሉ በዚህች አራት ሰዓት ውስጥ ሊያልቅ ነው። አያልቅምና ከእንቅልፏ ተቀነሰ። እንቅልፏ ሲያልቅ ደግሞ ከልጅቱ እንቅልፍ ተወሰደ።

ሥራው ወደ 24 ሰዓት ቢወርድ፣ ማለትም ቅዳሜና እሁድ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ብትሠራ፣ የሚተርፈው 44 ሰዓት ይሆናል። በቀን ከስድስት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ይኼ ቤት ሊኖርበት የሚችል ሒሳብ ነው።

የገንዘብ ሒሳብ

ታዲያ የቀነሰው 16 የሥራ ሰዓት ደመወዝ አለው። በሰዓት 18 ዶላር የምታገኝ ብትሆን በሳምንት 288፣ በ48 ሳምንት 13,824 ዶላር ይጎድላል። ከትምህርት ወጪዎች ሁሉ ይህ ትልቁ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በየትኛውም ትምህርት ቤት የክፍያ ዝርዝር ላይ ተጽፎ አታገኙትም። ብዙ ሰው የትምህርቱን ክፍያ፣ የመጻሕፍቱንና የደንብ ልብሱን ደምሮ ይመዘገብና በሦስተኛው ወር የቤት ኪራይ ሲያጥረው ወደ ክሬዲት ካርድ ወይም ወደ ብድር ይሮጣል። ሪባ ወደ ቤታችን የሚገባው ብዙውን ጊዜ በዚህች ቀዳዳ ነው።

እዚህ ላይ ወንድሞችና እህቶች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። «ፋፍሳ» የሚባለውን ቅጽ በነፃ ሞልታችሁ ስታስገቡ በአንድ ደብዳቤ ላይ ስጦታም ብድርም ተደባልቆ ሊመጣላችሁ ይችላል። ፔል ግራንት ስጦታ ነው፤ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰውም ሊያመለክት ይችላል። ሆኖም ከአገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ፔል አይሰጠውም፤ በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪም ይቆጠራል። የትምህርት ወቅቱ 60 ከመቶ ሳይሞላ ያቋረጠም ከተሰጠው ከፊሉን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። ብድሩ ግን ወለድ አለበት። በትምህርት ላይ ሳላችሁ መንግሥት ወለዱን የሚከፍልበት ዓይነት ብድር እንኳ ከትምህርት በኋላ ወለዱ በተበዳሪው ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ ደብዳቤውን መስመር በመስመር ሳታነቡ አትፈርሙ። «ችግር ላይ ነኝ፣ ይፈቀድልኛልን?» የሚል ካለ ጉዳዩን ይዞ ወደሚያምነው ዓሊም ይሂድ እንጂ ለራሱ ፈትዋ አይስጥ።

ከሪባ የጸዳ መንገድም አለ። ከአገራችን ይዘነው የመጣነው እቁብ አንዱ ነው። አሥራ ሁለት እህቶች በወር 500 ዶላር ቢጥሉ የአንዷ ዕጣ 6,000 ዶላር ነው፤ ወለድ የለበትም። ነገር ግን ዕጣው ከወጣ በኋላም መጣሉ እስከ መጨረሻው ስለሚቀጥል፣ እቁቡ ትምህርቱ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ከዚህ ሌላ የቴክሳስ ወርክፎርስ ኮሚሽን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ለሚሠሩ ወይም ለሚማሩ ወላጆች የሕፃናት ማቆያ ድጋፍ ይሰጣል፤ ወረፋ ሊኖረው ስለሚችል ቀድሞ መመዝገብ ይበጃል። የነርሶች ቦርዱም ፈቃድ ያላቸውን ትምህርት ቤቶችና ከየትምህርት ቤቱ የፈቃድ ፈተናውን ስንት ከመቶ እንዳለፉ ለሕዝብ ይገልጻል። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ።

የሰው ሒሳብ

ሰዓቱንና ገንዘቡን ስንጨርስ አባትየው፣ «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ አልከለከልኳትም» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን አለመከልከል ብቻውን ሕፃን አያጥብም፣ ሩዝ አይቀቅልም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ እንደሚያግዙና የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግረዋል። ከእርሳቸው የበለጠ ሥራ የበዛበት ሰው ማን አለ? ደግሞም የቤት ነፈቃ ግዴታው የባል ነው። ሚስት ከድካሟ ለቤቷ የምታወጣው ለእርሷ ሶደቃ ሆኖ ይጻፍላታል፤ ስለዚህ እንደ ዕዳ ሊጠየቅባት አይገባም።

ለእናቲቱም አንድ ነገር አልኳት። ትልቋ ልጅ እናቷን ማገዟ መልካም ተርቢያ ነው፤ ግን የእናቷን ቦታ መተካቷ በደል ነው። ልጅቱም የራሷ ትምህርትና የራሷ ቁርኣን አላት፤ ሁለቱም በእጃችን ያሉ አማና ናቸው።

እነዚያ ወላጆች አንድ ዓመት ጠበቁ። በዚያ ዓመት እቁብ ጣሉ፤ የቀረውን ዕዳ ከፈሉ። ከተግባር ልምምድ በፊት የሚጠየቀውን የጉበት በሽታ ክትባት ሦስቱንም ጨረሰች፤ በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ወር ያህል ይወስዳልና። ከግል ትምህርት ቤት ይልቅ ክፍያው የቀለለ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መረጠች። አባትየው ከሱብሒ በፊት መውጣቱን ትቶ ከሰዓት በኋላና ምሽት መሥራት ጀመረ፤ ገቢው ትንሽ ቀነሰ። ቅዳሜና እሁድ ቤቱን የሚይዘው እሱ ነው። አሁን እሁድ ጠዋት ልጆቹን ወደ መድረሳ የሚያመጣቸው እሱ ሲሆን፣ ትንሹንም በክንዱ ይዞ ደጅ ይጠብቃል።

እህታችን ሰባተኛ ወሯ ነው። ገና አልጨረሰችም፤ ከፊቷ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያለው፣ ኤንክሌክስ የተባለው የፈቃድ ፈተና አለ፤ ለምዝገባው ብቻ 200 ዶላር ይከፈላል። እሱንም ካሁኑ አስቀምጠዋል። ልጅቱ ግን ተባረክን ጨርሳ ቀድ ሰሚዓን ይዛለች፤ አታንቀላፋም።

እንግዲህ እህቴ ሆይ፣ ነርስ ለመሆን ያሰብሽ እንደሆነ ከመመዝገብሽ በፊት ባለቤትሽንና ለአቅመ ማስተዋል የደረሱ ልጆችሽን ሰብስቢ። ሦስቱን ሒሳብ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። የጎደለው ከማን እንደሚሞላ ተማከሩ፤ ሹራ የሙእሚኖች መለያ ነው። ሒሳቡ ዘንድሮ አልሞላ ካለ አንድ ዓመት መጠበቅ ሽንፈት አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሙያቸው ሰውን የሚያገለግሉ እህቶቻችንን ያብዛልን፤ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ቤታችንን የሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።