ልጆቻችሁን አንድ ቀን እንደ ትልቅ ተጫዋች አክብሯቸው



ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎንደር አመጣ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅም በጨርቅ ኳስ ሲጫወት የሚያልመው እንዲህ ያለውን ቀን ነው። ሰፈሩን ሙሉ ይዞ ጎንደር ስታዲየም መሄድ ግን ለብዙ ወላጅ ከባድ ነው።

ስለዚህ ትልቁን ጨዋታ እናንተ አምጡላቸው። ትምህርትም ገበያም በሌለበት ቀን፣ ሳትነግሯቸው፣ አዋቂዎቹ በሚጫወቱበት ሜዳ አስገቧቸው። ማልያ ይልበሱ፣ ዳኛ ይኑር፣ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ይጠራ።

ሐኪም ይህን ለምን ይላል? የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን በቁጣ ማስለመድ አይቻልም፤ ልጅ የሚሮጠው ደስ ሲለው ነው።

ታዲያ ለጎል አግቢው ብቻ የሚሰጥ ሽልማት አታድርጉት። ተቀያሪውም፣ ሴቶች ልጆችም፣ ሩጫ የሚከብደውም ይግቡ። እንቅስቃሴው ይበልጥ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ዳር የሚቀመጠው ልጅ ነው።

ለዕለቱ፦

✅ ቁርስ በልተው፣ ንጹህ ውሃ ይዘው ይምጡ። የደጋ ፀሐይ ቆዳ ያቃጥላልና ኮፍያ ያድርጉ።

✅ ሲሮጥ ራሱን ስቶ የሚያውቅ፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ከእኩዮቹ በላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ልብን ሊጎዳ ይችላል።

✅ ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ልጅ አይጫወት። ማልያውን ለብሶ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጥ፤ ስሙም ይጠራ።

ለሰፈራችሁ አሠልጣኝና ለሌሎች ወላጆች አጋሩ።