ከእጁ ይልቅ ሰዓቱን እዩ

እህቶቼ፣ ሦስት ሩቢክ ኪዩብ ወደ ላይ እየወረወረ፣ እየቀለበ ቀለማቸውን የሚገጥመው ቻይናዊ ልጅ ቪዲዮ ግሩፓችን ላይ ሲለቀቅ «ቅንብር ነው!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ልጁ ቹዌ ጂያንዩ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሦስቱንም በ5 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ጨርሶ ጊነስ መዝግቦታል።

መጠርጠሬ ግን አይቆጨኝም። የተገጠመውን ኪዩብ እያበላሹ ቀርፆ ቪዲዮውን ወደ ኋላ ማጫወት ይቻላላ! መወርወርና መቅለብ ደግሞ ወደ ኋላም ቢሄድ ያው ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከጀርባው ያለውን ሰዓት፣ የሚራመደውን ሰው እዩ። መሀል ላይ ከተቆረጠማ እኔ አላምንም።

እንዲህ ማየት የጀመርኩት ለወንድሜ ቪዛ ብዬ የሁለት ወር ደሞዜን ከላክሁ በኋላ ነው። ሰውየው ፓስፖርቶቹን የሚያሳይበት ቪዲዮ ሦስት ቦታ ተቆርጦ ነበር።