የባለ ጉሊቷ ዱቤና የቤተ ሰብ መሶብ

ንግድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መጋዘንን፣ የጭነት መኪናንና የባንክ ሒሳብን ነው። ይሁን እንጂ በየሰፈሩ መንገድ ዳር ጆንያ አንጥፋ፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በመደብ በመደብ ደርድራ የምትሸጠው ባለ ጉሊትም እንደ ማንኛውም ሰው ገዝታ የምትሸጥ፣ አትርፋም ከስራም የምታድር ነጋዴ ናት። ልዩነቱ ትርፏ በዚያው ዕለት ማታ ወደ መሶብ መግባቱ ነው።

ይህም በግምት የተነገረ አይደለም። ኤስተር ዱፍሎና ክሪስቶፈር ኡድሪ የተባሉት የኤኮኖሚ ሊቃውንት፣ ባልና ሚስት ለየብቻ በሚያርሱበት በኮት ዲቯር ገጠር ያደረጉትንና በ1996 ዓ.ም. ያወጡትን ጥናት የተመለከተ ሰው፣ ዝናቡ ለሴቶቹ ሰብል በተስማማ ጊዜ የቤተ ሰቡ ወጪ ወደ ምግብ እንደሚያዘነብል ይረዳል። እንግዲህ ገንዘቡ ወደ ቤት መግባቱ ብቻ ሳይሆን በማን እጅ እንደ ገባም መጠየቅ ያስፈልጋል። (የዱቄቱ ዕቃ መጉደሉን ቀድሞ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ለሚያስተውል ሰው ነገሩ ጥናትም ባላስፈለገው ነበር።)

ሕጉ በበኩሉ ብዙ መንገድ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን እኩል አደረጋቸው። የገጠር መሬት ዐዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ዐዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቀደ።

ነገር ግን ባለ ጉሊቷ መሬትም ከብትም የላትም፤ ያላት ለአንድ ቀን የሚበቃ ሽንኩርት ነው፤ እርሱንም ማንም በመያዣነት አይቀበላትም። ስለዚህ ንጋት ላይ በእጇ ባለው ጥሬ ገንዘብ ልክ ብቻ ትገዛለች። ገንዘቧ ለአንድ ጆንያ የማይበቃ ሲሆን ከቸርቻሪ በኪሎ ትወስዳለች፤ ያንን መልሳ በመደብ ስትሸጥ የዋጋው ጭማሪ እንደ እርሷው በዕለት ገቢ በምትኖረው በሌላዪቱ እናት ላይ ያርፋል። ልጅ የታመመ ቀን መነሻው ገንዘብ ለመድኃኒት ይወጣል፤ በማግሥቱ መደቡ ባዶ ነው። ጉሊቱ በተዘጋ በሳምንት ውስጥ በቤቱ ወጡ ይሳሳል፣ ቀጥሎም ምሳው ይቀራል።

ጅምላ ሻጮች ዱቤ የሚሰጡት ለሚያውቁት ሰው ነው፤ በዚህም አይወቀሱም። ጥያቄው ማወቂያው ምን ይሁን የሚለው ነው። ዕቁቧን ዓመት ሙሉ ሳታጓድል የከፈለች፣ ዕጣዋ ከወጣላት በኋላም እስከ መጨረሻው የጣለች ሴት ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ታምጣ? ብዙ ባለ ሱቅ ራሱ የተነሣው በዕቁብ ገንዘብ ሆኖ ሳለ፣ ያው ዕቁብ ለእርሷ ምስክርነት አይበቃም ማለቱ የሚያስደንቅ ነው።

ስለዚህ የምክር ቤቱ አባላት የሆኑ የአትክልት ጅምላ ነጋዴዎች፣ የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ የመሰከሩላትን ባለ ጉሊት ጧት አንድ ጆንያ ወስዳ ማታ እንድትከፍል ቢፈቅዱላት መልካም ይሆናል። ዱቤው በራሷ ስም ይጻፍላት፤ ባል ዋስ ካልሆነ አይሆንም የሚለው ልማድ ባል የሌላትን እናት ጭራሽ ከገበያ ያስወጣታል። ያልከፈለችም እንደሆነ ዕቁብተኛው ሁሉ ይጠይቃታል፤ የአንድ ጆንያ ዕዳ ደግሞ ጅምላ ሻጭን አያከስረውም። ለመጀመሪያው ሙከራ አንድ ተራና አንድ ወር ይበቃል። ከበዓላት ራቅ ያለ ወር ቢመረጥ የሽንኩርቱ ዋጋ ብዙ ስለማይዋዥቅ ሒሳቡን ለመመርመር ይቀላል።